የፒክ አፕ ዝገት ከየት ይጀምራል?

ብረት እንደሚዝግ የማያውቅ የለም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ዝገቱ ከየት እንደሚነሣ፣ የትኛው ጥገና እንደሚያቆመውና የትኛው ደግሞ እንደሚያባብሰው ነው። በከምባታ ዞን በቃጫ ቢራ ወረዳ፣ በሺንሺቾ ከተማና በዙሪያዋ ለሚኖር ሰው ይህ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ቡናና ዝንጅብል ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ማዳበሪያና ጨው ወደ ገጠር የሚገባው፣ አንዳንዴም ሕመምተኛ ወደ ሕክምና የሚደርሰው ዕድሜው በገፋ ፒክ አፕ ነው። ከእነዚህ ተሽከርካሪዎች ጥቂት የማይባሉት በመሥሪያ ቤት ወይም በፕሮጀክት ሥር አገልግለው በጨረታ የተሸጡ ናቸው። ሞተራቸው በመለዋወጫ እየታደሰ ይቆያል፤ ላሜራቸው ግን በየክረምቱ ጥቂት በጥቂት እያለቀ ይሄዳል።

መኪናውን በሌላ መተካትም ቀላል አይደለም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ወደ አገር በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጥሏል። ስለዚህ በእጅ ያለውን ማቆየት የብዙ ቤተሰብ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የዝገትን አሠራር እንመለከታለን፤ ቀጥሎም በየጋራዡ የተለመዱትን ጥገናዎች በዚያው እውቀት እንመዝናለን።

ዝናቡ ብቻ ነውን?

ለዝገት በመጀመሪያ የሚወቀሰው ዝናብ ነው። በከምባታና በሀዲያ ደጋና ወይና ደጋ በልግና ክረምት ተከታትለው ስለሚዘንቡ ወቀሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ቀላል ስሌት እናስላ።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የአየርን ብረት የመብላት ኃይል በየደረጃው ከፋፍሎታል። ከባሕር የራቀና የፋብሪካ ጭስ የማይደርስበት ገጠራማ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ ከዝቅተኛዎቹ ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል። በእነዚህ ደረጃዎች ምንም ቀለም ያልተቀባ ተራ ብረት በገላጣ ቦታ ቢቀመጥ በመጀመሪያው ዓመት ከገጽታው የሚያጣው ውፍረት ከ25 ማይክሮ ሜትር በታች፣ ከፍ ሲል ደግሞ እስከ 50 ማይክሮ ሜትር ነው። የመኪና ላሜራ ውፍረት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ 0.7 ሚሊ ሜትር ማለት 700 ማይክሮ ሜትር ነው። በዓመት 25 ማይክሮ ሜትር ቢበላ ከአንድ ወገን እስኪበሳ 28 ዓመት፣ 50 ቢበላ እንኳ 14 ዓመት ይፈጃል ማለት ነው። በገላጣ ቦታ የቆየ ዝገት ፍጥነቱን እየቀነሰ ስለሚሄድ እውነተኛው ጊዜ ከዚህም ይረዝማል።

ይህ ሁሉ ቀለም ለሌለው ብረት ነው። ታዲያ በፋብሪካ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተቀባው ፓራፋንጎ ወይም የበር ታችኛው ጠርዝ ከዚያ ባነሰ ጊዜ እንዴት ሊበሳ ይችላል? ደግሞስ ዝናብ በቀጥታ የሚያርፍበት የመኪናው ጣሪያ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ የሚዝገው ለምንድን ነው? መልሱ እንዲህ ነው፦ ብረትን የሚጎዳው በላዩ የወረደው የውኃ መጠን ሳይሆን ውኃው በላዩ የቆየበት ሰዓት ነው። ከጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ፀሐይና ነፋስም ያደርቁታል። በፓራፋንጎው ውስጥ የተጠቀጠቀው ቀይ ሸክላማ ጭቃ ግን ዝናቡ ካቆመ ከቀናት በኋላም እርጥብ ነው።

በአንዲት ጠብታ ውስጥ ያለ ባትሪ

ዝገት በመሠረቱ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ብረት በእርጥበት ሥር ሲሆን በአንዱ ቦታ የብረት አቶሞች ሁለት ሁለት ኤሌክትሮን ጥለው ወደ ውኃው ይገባሉ፤ ይህ ቦታ አኖድ ይባላል። የተጣሉት ኤሌክትሮኖች በብረቱ ውስጥ ተጉዘው በሌላ ቦታ፣ ማለትም በካቶዱ፣ በውኃው ውስጥ ከሟሟው ኦክስጅንና ከውኃው ጋር ይዋሐዳሉ፤ ሃይድሮክሳይድም ይፈጠራል። የሟሟው ብረትና ሃይድሮክሳይዱ መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ተጨማሪ ኦክስጅንም ሲያገኙ፣ የምናውቀው ቀይ ቡናማ ዝገት ይወጣል። እንግዲህ አኖድ፣ ካቶድ፣ በመካከላቸው ኤሌክትሮን የሚያሻግር ብረትና አዮን የሚያሻግር ውኃ አሉን። አንድ ባትሪ ሌላ ምን ይፈልጋል?

እስካሁን የተባለው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍም ይገኛል። ለጥገና ሥራ ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ኬሚስት ዩሊክ ኤቫንስ በተወለወለ ብረት ላይ አንዲት የጨው ውኃ ጠብታ አኑሮ የሚሆነውን ተከታተለ። በጠብታው ውስጥ ሁለት ጠቋሚ ኬሚካሎች ነበሩ፤ አንደኛው የሟሟ ብረት ባለበት ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ሃይድሮክሳይድ ባለበት ሐምራዊ ሮዝ ቀለም ይሰጣል። ጥቂት ቆይቶ የጠብታው ጠርዝ ሮዝ፣ መካከሉ ሰማያዊ ሆነ። ጠርዙ ስስ ስለሆነ ከአየሩ ኦክስጅን በቀላሉ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ካቶድ ሆነ። መካከሉ ጥልቅ ስለሆነ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ስለዚህ አኖድ ሆነ። የሚበላውም መካከሉ ነው።

ውጤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው ሰው ግራ ያጋባል። ለዝገት ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ብረቱ የሚቦረቦረው ኦክስጅን በብዛት በደረሰበት ሳይሆን ባነሰበት ቦታ ነው። ኦክስጅን የበዛበት ቦታ ኤሌክትሮን ጠያቂ፣ ያነሰበት ቦታ ደግሞ ከፋይ ይሆናል። ፊኖልፍታሊንና ፖታሲየም ፌሪሳያናይድ ያለው የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ይህን ሙከራ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያሳይ ይችላል። መምህራን ቢሞክሩት እንመክራለን፤ ከመቶ ገለጻ ይበልጣል።

አሁን በጠብታው ፋንታ ከፓራፋንጎው ጋር የተጣበቀ የጭቃ እንጎቻ እናስብ። ከጭቃው ሥር ኦክስጅን ያንሳል፤ በጭቃው ጠርዝ ይበዛል። ሁለት ላሜራዎች ተደራርበው የተበየዱበት ስፌት፣ የተላቀቀ ቀለም ሥር፣ ከካቢናው ወለል ምንጣፍ በታች፣ ከጎማ ማሸጊያው ኋላ፣ ሁሉም የኤቫንስ ጠብታ መካከል ናቸው። ዝገት በባሕርዩ ከጥቅም ላይ ከዋለው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚሆን ቦታ ስለሚይዝ እየሰፋ ቀለሙን ይገፋል፤ ስፌቱንም ይከፍታል። ከውጭ እንደ ትንሽ ብጉር ብቅ ያለውን ቀለም ስናይ ከውስጥ ያለው ሥራ ተጠናቋል ማለት ይቻላል።

ሌላም ቦታ አለ። በሮች ከታች በኩል የውኃ መውጫ ቀዳዳ አላቸው። በመስኮቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ የሚገባ ዝናብ በእነዚህ በኩል ይወጣ ዘንድ የተሠሩ ናቸው። አቧራና ቅጠል ሲዘጋቸው፣ ወይም ቀለም ቀቢው ሳያስተውል በስቱኮ ሲደፍናቸው፣ በሩ ውኃ የተሞላ ገንዳ ይሆናል። በሌሊትም የደጋው አየር ሲቀዘቅዝ ስስ ላሜራ ከአየሩ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ዝናብ በሌለበት በጥቅምትና በኅዳር እንኳ ጤዛ ይይዛል፤ ከውጭ ያለው ጤዛ ጠዋት በፀሐይ ይደርቃል፣ በተዘጋው ሳጥን ውስጥ ያለው ግን ይቀራል።

ካሶኒው ምን ይጫንበታል?

የሺንሺቾ ፒክ አፕ ከአዲስ አበባው የሚለየው በካሶኒው ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መኪና የሚበላው በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ልማድ የለም፤ ባሕሩም ሩቅ ነው። ጨውን በመኪና ላይ የምናፈሰው ግን እኛው ራሳችን ነን። ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ የገበታ ጨው ከወለሉ ጎድጓዳ መስመሮች ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የክሎራይድ አዮን የውኃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታ ያሳድጋል፤ በብረቱ ገጽ ላይ ያለውንም ስስ መከላከያ ያፈርሳል። በተጨማሪም ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ንጹሕ ብረት መዛግ የሚጀምረው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ቢሆንም፣ ጨው ያለበት ብረት ከዚያ ባነሰ እርጥበት ይጀምራል። የአሞኒየምና የሰልፌት ጨዎችን የያዙ ማዳበሪያዎችም ሥራቸው ተመሳሳይ ነው። የእርሻ ወቅት ሲደርስ ማዳበሪያ ያመላለሰ መኪና ካሶኒው በውኃ ሳይታጠብ ክረምቱን ከገባ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ቀዳዳ ከወዲሁ አዘጋጅቷል ማለት ነው።

ቆጮ ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። በመብላላት የሚዘጋጅ ምግብ በመሆኑ ከጥቅሉ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ አሲድነት አለው፤ አሲድም የዝገትን ጉዞ ያፋጥናል። የከብት ሽንትና የእርጥብ ቡና ገለፈት እዚሁ ላይ ይጨመራሉ። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ጭነቱ እንደወረደ በንጹሕ ውኃ ማጠብና ስፖንዳውን ከፍቶ በፀሐይ ማድረቅ። በካሶኒው ወለል ላይ ካውቾ ወይም ሸራ የሚያነጥፍ ባለመኪና ቀለሙን ከመፋቅ ያድናል፤ ነገር ግን ምንጣፉን በየጊዜው አንሥቶ ካላደረቀ ከሥሩ ሌላ የኤቫንስ ጠብታ አዘጋጅቷል።

ስቱኮ፣ ናፍጣና የተደረበ ላሜራ

በየጋራዡ ሦስት ዓይነት ጥገናዎች በብዛት ይታያሉ። ሦስቱም መጥፎ ሐሳብ አይደሉም፤ የሚበላሹት በአሠራራቸው ነው።

የመጀመሪያው ስቱኮ ነው። ስቱኮ ሙጫና የደቀቀ ማዕድን ዱቄት የተቀላቀለበት መሙያ ሲሆን ጎድጓዳ ላሜራን ለማስተካከል የተሠራ ነው። ቀዳዳ ለመድፈን ግን አልተሠራም። ከዝገት ላይ ሲለጠፍ ዝገቱ ይላቀቅና ስቱኮው አብሮ ይወድቃል፤ ከቀዳዳ ላይ ሲለጠፍ ደግሞ ከጀርባው እርጥበት እየመጠጠ ልክ እንደ ስፖንጅ ብረቱን ያርሰዋል። ከውጭ መኪናው አዲስ ይመስላል። ለሽያጭ የተዘጋጀ መኪና ላይ ይህ ሲሠራ ጥገና ልንለው አንችልም፤ ማታለል ነው።

ሁለተኛው በላቫጆ ከታጠበ በኋላ ከሥሩ ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት መርጨት ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ዘይት ውኃን ከብረት ይለያል። ነገር ግን ናፍጣ ስስ ስለሆነ ብዙ አይቆይም፤ አቧራ ይሰበስባል፤ የጎማ ቱቦዎችንና ቡሾችን ያብጣል። የተቃጠለ ዘይት በሞተር ውስጥ የተፈጠሩ አሲዶችንና የብረት ብናኞችን ይዟል፤ የሚንጠባጠበውም ወደ አፈርና ወደ ወንዝ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ጭቃው በሚገባ ሳይለቅና ሳይደርቅ ሲረጭ እርጥበቱን ከውስጥ ማሸጉ ነው። በዚህ ፋንታ ደረቅ በሆነ ቀን፣ በደረቀ ብረት ላይ፣ ንጹሕ ግሪስ ወይም ለዚሁ የተሠራ ሰም በብሩሽ መቀባት ይሻላል፤ ከፍሬን ክፍሎች፣ ከጎማ ቱቦዎችና ከጭስ ማውጫው ግን መራቅ አለበት።

ሦስተኛው በዛገው ላይ አዲስ ላሜራ ደርቦ መበየድ ነው። ይህ ከሁሉ ጠንካራ ይመስላል፤ ይሁንና በሁለቱ ላሜራዎች መካከል ጠባብ ስንጥቅ ይፈጥራል። ውኃ ወደ ስንጥቁ ይገባል፤ ኦክስጅን ግን በበቂ አይገባም። ከዚህ የተመቸ አኖድ በቤተ ሙከራም አይሠራም። በተጨማሪም የብየዳው ሙቀት ከጀርባ ያለውን የፋብሪካ ቀለም ያቃጥላል፤ ያ የተራቆተ መስመር ማንም በማያየው ሳጥን ውስጥ በመጀመሪያው ዝናብ መዛግ ይጀምራል።

ትክክለኛው መንገድ አድካሚ ቢሆንም ምሥጢር የለውም። የዛገው ላሜራ ጤናማው ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ይወጣል፤ አዲሱ ከጎን ለጎን ይበየዳል፤ ከተቻለም የብየዳው ጀርባ ይቀባል። ያልተበሳው ቦታ በሽቦ ብሩሽ ከተወለወለ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፤ የሽቦ ብሩሽ ብቻውን ዝገቱን ያብለጨልጨዋል እንጂ ከጉድጓዶቹ አያወጣውም። በጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረ ጨው በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ብረቱ ወዲያው መድረቅ አለበት። ቀጥሎ በዚያው ቀን አንቲ ራስት ይቀባል። ስቱኮ የሚያስፈልግ ከሆነ ከዚህ በኋላ ነው፤ በመጨረሻም ቀለሙ።

ከአንቲ ራስት መካከል ዚንክ የበዛበት ቢገኝ ይመረጣል። ምክንያቱ በየቤታችን ጣሪያ ላይ አለ። የጣሪያ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ ሲጫርም ቶሎ አይዝግም፤ ዚንክ ከብረት ይልቅ ኤሌክትሮን ለመስጠት የቀረበ ስለሆነ እርሱ አኖድ ሆኖ ብረቱን ካቶድ ያደርገዋል። ይህንኑ መርሕ ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 የእንግሊዝ መርከቦችን የመዳብ ልባስ ለማዳን ተጠቅሞበታል። ነገር ግን ዚንኩ ሊሠራ የሚችለው ብረቱን በቀጥታ ሲነካ ነው። ከዝገት ላይ የተቀባ የዚንክ ቀለም ተራ ቀለም ነው።

ዝገትን ወደ ጥቁር ውሁድ የሚለውጡ ፈሳሾችም በገበያ አሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒን አላቸው። የታኒንን ሥራ ለማየት የዛገ ምስማር በወፍራም ሻይ ውስጥ ማሳደር ይበቃል፤ ሻዩ ይጠቁራል። እነዚህ ፈሳሾች ለስስና ለተጣበቀ ዝገት ይጠቅማሉ፤ በቅርፊት የሚነሣውን ዝገት ግን አይደርሱበትም።

ስለ ሠራተኛው ጤናም አንድ ነገር እንበል። በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚልና የሚያተኩስ ሕመም ያመጣል፤ ስለዚህ ዚንኩ ከብየዳው መስመር ላይ ቀድሞ ይፋቅ፤ ሥራውም በገላጣ ቦታ ይሁን። የአሮጌ ቀለም አቧራ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል አፍንጫን ሳይሸፍኑ መፈተግ አይገባም። ከብየዳ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ የነዳጅ ታንከሩም ይራቅ።

ሻንሲው ሌላ ጉዳይ ነው

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ቦዲው ነው። የፒክ አፕ ቦዲ በሻንሲ ላይ የተቀመጠ ልብስ ነው፤ ተበስቶም መኪናው ይሄዳል። ሻንሲው ግን ጭነቱን፣ ሞተሩንና ባሌስትራውን የሚሸከመው አጥንት ነው። አብዛኛው ሻንሲ ውስጡ ክፍት የሆነ ሣጥን ስለሆነ ጭቃ ከውስጡ ይከማቻል፤ ከውጭ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ከውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

ይህ በአሮጌ መኪና ብቻ የሚደርስ አይደለም። ቶዮታ ኩባንያ በአሜሪካ የሸጣቸው ታኮማ፣ ታንድራና ሴኮያ የተባሉ ተሽከርካሪዎች ሻንሲ በቂ የዝገት መከላከያ አልነበረውም ተብሎ ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ጥፋተኛነቱን ሳይቀበል 1.5 ሚሊዮን ያህል መኪናዎችን የሚመለከት ስምምነት አደረገ። መኪናዎቹ እንዲመረመሩና ሻንሲያቸው ክፉኛ የተበላው እንዲቀየርላቸው የተያዘው ስምምነት ዋጋው እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። መኪና ሠሪው ራሱ የተበላውን ሻንሲ በመጠገን ፋንታ መቀየርን መምረጡ ልብ ሊባል ይገባል። በእኛ ዘንድ ለመቀየር አቅም ባይኖር እንኳ፣ በተሰነጠቀ ሻንሲ ላይ ብረት ደርቦ በጥቁር ቀለም መሸፈንና ሃያ ኩንታል ጭኖ ወደ ሀደሮ ቁልቁለት መውረድ የሚያስከፍለው ዋጋ የሰው ሕይወት ነው።

ከሻንሲው ጎን የሚሄደው ቀጭን የፍሬን ዘይት ቱቦም ብረት ነው። የጎማ አየር ግፊት ሁለት ወይም ሦስት ባር ሲሆን፣ ፍሬን በኃይል ሲረገጥ በዚህ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ100 ባር ሊያልፍ ይችላል። የዛገ ቱቦ የሚፈነዳው መኪናው ቆሞ ሳለ አይደለም፤ ፍሬኑ በተፈለገበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ቅርፊት የያዘ የፍሬን ቱቦ ይቀየራል እንጂ አይቀባም። ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ከመቅረብ በፊትም በእጅ እየዳሰሱ ማየት ተገቢ ነው።

አሮጌ ፒክ አፕ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሁለት ዕቃ ይያዝ። አንዱ ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ነው፤ ቀለሙን እንዳይጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎና በበሩ ታችኛው ጠርዝ ላይ ያስኪደው። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ሁለተኛው ትንሽ መዶሻ ነው። ሻንሲውን ከባሌስትራው መያዣ አጠገብ ቀስ አድርጎ ሲመታው ጤናማ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ቅርፊትም ያራግፋል። ጥርጣሬ ባለበት ቦታ ካቻቢቴ ጫን አድርጎ ማየት ይቻላል፤ ሻጩ ይህን ከከለከለ ምላሹን ሰጥቷል።

የቀለምና የብየዳ ሥራው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወራት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ረፋድ ላይ ቢጀመር ይመረጣል። የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ በጣለ ማግሥት ባለመኪናው በየበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ይመልከት፤ ከመውጫ ቀዳዳዎቹ ውኃ የማይንጠባጠብበት በር ካለ ቀዳዳው ተደፍኗልና በቀጭን ሽቦ ይክፈተው።